እጄን ያልዘረጋሁባቸው ዓመታት

የማገገሚያ እቅዱን መጀመሪያ የሰማሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ወረርሽኙ ጋብ ብሎ ትምህርት ቤቶች ስለተከፈቱ፣ እኔም ኮምቦልቻ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት መመላለስ ጀምሬ ነበር። ሁላችንም ማስካችንን አገጫችን ላይ አውርደን ተቀምጠናል። ሬዲዮው ስለ ኢኮኖሚው ያነባል። ፋብሪካዎች ይነቃቃሉ፣ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይፈጠራል፣ ከውጭ ለተመለሱ ዜጎች ቅድሚያ ይሰጣል። ተሳፋሪው ያንቀላፋል። እኔ ግን ከውጭ ስለተመለሱት ሲነሳ ሾፌሩን ድምፁን ከፍ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። ልጄ ከአረብ አገር ተመልሳ ቤት ተቀምጣ ነበር።

የተመለሰችው ወዳ አይደለም። በሽታው ሲገባ አሠሪዎቿ አሰናበቷት፤ ከብዙ መሰሎቿ ጋር በአውሮፕላን ተጭና መጣች። ከለይቶ ማቆያ ወጥታ ደሴ ሆጤ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስትገባ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ እጇ በበረኪና ተላልጦ ነበር። እናቷ አቅፋ ልትስማት እየፈለገች፣ እሱኑ በሽታ ፈርታ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ልጅቷ ግን ገና ድካሟ ሳይወጣላት፣ መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ እሄዳለሁ አለች።

እኔ እንቢ አልኩ። ተቆጥቼ እንቢ ብል ኖሮ ታልፈኝ ነበር፤ ቁጣዬን ከልጅነቷ ጀምሮ ለምዳዋለች። ነገር ግን እኛ ዘንድ ልጅ ርቆ ሲሄድ አባትና እናቱ ፊት ተንበርክኮ ዱዓ ይቀበላል። ያለ ዱዓ የወጣ ሰው መንገዱ አይቀናውም ብለን እናምናለን፤ እሷም ታምናለች። መጀመሪያ የሄደች ጊዜ እጄን ዘርግቼ ነው የሸኘኋት። አሁን ግን ይህ እቅድ የሚሉት ነገር ይታይ፣ እስኪታይ ድረስ እጄን አልዘረጋም አልኳት። እሷም ያለ እርስዎ ዱዓ ከደጅ አልወጣም አለችኝ፤ እንዳለችውም ቀረች።

ሰው ይህን ሲሰማ ሞኝ ይለኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን በሙሉ እቅድ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የዓመት እቅድ፣ የሳምንት እቅድ፣ የዕለት እቅድ። ግማሹን እንኳ ሳልፈጽመው ክረምት ይገባል፣ በመስከረም ደግሞ ሌላ እጽፋለሁ። እቅድ የሚባል ነገር ስሰማ ልቤ ቶሎ ይራራል።

መጀመሪያ መደራጀት ያስፈልጋል ተባለ። ልጄና አራት መሰሎቿ፣ ሁሉም ከአረብ አገር የመጡ፣ በልብስ ስፌት ተደራጁ። ሥልጠና ተሰጣቸው፤ የታሸገ ውሃ እየጠጡ ስለ ሥራ ፈጠራ ሲማሩ ሰነበቱ። ከዚያ ሌላ ሥልጠና መጣ። አሠልጣኙ ሸጋ ልጅ ነው ትለኛለች፤ ክፋቱ ምን ቢጠይቁት በሚቀጥለው ምዕራፍ ማለቱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የመሥሪያ ሼድ ይሰጣችኋል ተባሉ። ልጄ እስከዚያው ብላ ያንን በበረኪና ያመጣችውን ገንዘብ አውጥታ የስፌት መኪና ገዛች፤ ሳሎናችን ጥግ አኑራ የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ያን ሰሞን ስትስቅ ሰምቻታለሁ። እኔም ለእናቷ፣ አላልኩሽም? ማለት አበዛሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ የደሴ ሰው ሁሉ የራሱ የሚለው አለው። በእግራችን ወጣን፣ ሰው ቤት ተጠግተን ቆየን፣ ተመለስን። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ የስፌት መኪናዋም የለችም። ልጄ ባዶውን ጥግ ትንሽ አየችው፤ ከዚያ መጥረጊያ አንስታ ቤቱን መጥረግ ጀመረች። የተንጨረጨርኩት እኔ ነኝ።

የማገገሚያው እቅድ ሌላ ስም ወጣለት። ቢሮው ተዘግቶ ተከፈተ፣ ኃላፊው ተቀየረ፣ እንደ አዲስ ተደራጁ ተባለ። ከትምህርት ቤት በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። በሂደት ላይ ነው ጋሼ፣ ይሉኛል በትሕትና፣ ወንበርም ይስቡልኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አብረዋት ከተደራጁት አንዷ አገባች፣ አንዷ አዲስ አበባ ገባች፣ ሁለቱ ወደ አረብ አገር ተመለሱ። ልጄ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አንድ ልብስ ሱቅ ተቀጥራ ቀኑን ቆማ ትውላለች። ስለ መሄድ ማንሳቷንም ተወች። እኔ ረሳችው ብዬ ደስ አለኝ።

እናቷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትታለል ሴት አይደለችም። አንድ ቀን ምሳ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አንተ መንግሥትን ትጠብቃለህ፣ እሷ አንተን ትጠብቃለች» አለችኝ። «ማንኛችሁ ቀድማችሁ እንደምታረጁ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ምሳዬን ሳልጨርስ እጄን ታጥቤ ተነሳሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ሼዶቹን በዓይኔ ላያቸው ሄድኩ። ከነጭራሹ የሉም ብዬ ነበር የማስበው፤ ባይኖሩ ለመቆጣትም ይመቸኝ ነበር። አሉ። ቆርቆሯቸው ያብረቀርቃል፣ በሮቻቸው ተቆልፈዋል፣ ግድግዳቸው ሥር ፍየሎች ከኮምቦልቻ ፀሐይ ተጠልለው ያመሰኳሉ። ጥበቃው በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ከዚያ ቤቶቹ ለማን እንደሚሰጡ ጠየቅኳቸው። መብራት አልገባላቸውም፣ መብራት ሲገባ ለሚመጡት ነው አሉኝ። መቼ ይገባል ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ደከመኝ። ሩቅ መንገድ ሄጃለሁ፣ ቀብር ላይ ውያለሁ፣ በስደትም በእግሬ ተጉዣለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደክሞኝ አያውቅም።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሬዲዮው ሌላ እቅድ ያነባል። ይኼኛው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሲናገር፣ ሲያልቅ ልጄ ስንት ዓመት እንደሚሆናት አሰብኩ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘግቶ መንዙማ ከፈተ። የተቃወመ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልተቃወምኩም።

ያን ቀን ማታ ልጄ ከሱቅ ገብታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ነይ፣ ዱዓ ላድርግልሽ አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ሻሿን አስተካክላ ፊቴ ተንበረከከች። እጄን ዘረጋሁ።

«አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ» አልኩ።

«አሚን።»

«ከክፉ ሰው ይሰውርሽ።»

«አሚን።»

«ደግ አሠሪ ይስጥሽ፣ የላብሽን ዋጋ አያሳጣሽ።»

«አሚን» አለች፤ እንዲህ የጠራ ድምፅ ከሰማሁባት ቆይቷል። ልቤ እየተሰበረ ደስ አለኝ።

«በሰላም ወደ አገርሽ ይመልስሽ» አልኩ።

አሚን ያለችው እናቷ ብቻ ናት። ልጄ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አስደግፋለች። አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም አሚን አላለችም።