ቀዩ ሽቦና የጨንቻ ጉም

ረቡዕ፣ ገና ሳይነጋ

ከቤት የወጣሁት ተኳርፌ ነው፤ በሬዲዮ ምክንያት። እኔ አልጋው ራስጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ባለቤቴ ጸዳለ ዝም ብላ መስኮቱ ላይ ትመልሰዋለች፣ እኔም ዝም ብዬ አመጣዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት! ያ ሬዲዮ የተጓዘውን ያህል እኔ አልተጓዝኩም። "ሂድ፣ የሰው ሞተር ሥራ" ብላ ሸኘችኝ።

የምሄደው አርባ ምንጭ ነው፤ መስከረም 1990። የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ወጣት ሳለሁ እዚያ ስሠራ ጋሽ ማዳልቾ ቤት ሁለት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ፤ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ናቸው። ከከፈልኳቸው ያበሉኝ ይበልጣል። ደብዳቤያቸው አጭር ነበረች፦ "ሞተሬ መብራት እምቢ አለች። ባሎቴም ጨከነች። ለማስቃላ ድረስልኝ።" ማስቃላ የዚያ አገር የመስቀል በዓል ነው።

ባሎቴ ሚስታቸው ናቸው፣ የጨንቻ ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት በቀን፣ ጉም ውስጥ የሞተር ሳይክሉ መብራት ጠፍቶ፣ ከጭነት መኪና ሲሸሹ ቦይ ውስጥ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በመኪና፣ ባላቸው በሞተር፣ ለየብቻ ነው ወደ ደጋ የሚወጡት። ዘንድሮ ግን የመጨረሻ ዕድል ሰጡ፦ መብራቱ እስከ ጨንቻ ከበራ እሰየው፣ ከጠፋ ሞተሩ ሊገዛው ለሚፈልግ የሶዶ ሰው ይሸጣል። ሰውዬው መጥቶ ተቀምጦበት ሁሉ ሄዷል አሉ።

አውቶብሱ ሻሸመኔ ቁርስ፣ ሶዶ ምሳ አበላን። አቧራውን ግን በነፃ ነው ያበላን። የአባያ ሐይቅ ሲታየኝ ወገቤ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር።

ሐሙስ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር

ጠዋት ከሰፈሩ ባትሪ የሚሞላ ወጣት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። የጋሽ ማዳልቾን ሞተር ነገር ሳነሳበት ፈገግ አለ።

"እሳቸው ቀዩን ሽቦ፣ ፖዘቲቩን፣ ከብረቱ ጋር ያስራሉ። እኔ አስተካክልላቸዋለሁ።"

"ነግረሃቸዋል?"

"አባት እኮ ናቸው! ተሳስተዋል እንዴት ይባላል?"

ነገሩ ገባኝ። ያ የጥንት የእንግሊዝ ሞተር ሲሠራ ጀምሮ ፖዘቲቩ ነው ከብረት አካሉ ጋር የሚታሰረው። ዛሬ አገሩን የሞላው መኪና ሁሉ ግን በኔጋቲቭ ነው። ልጁ በቅንነት ሲገለብጥ፣ ሽማግሌው በልማድ ሲመልሱ፣ ሽቦው መሃል ቤት ይቃጠላል። መፍትሔው አንዴ እንደ አገሩ አድርጎ መገላገል ነው።

ከጫሞ ሐይቅ የወጣ አሳ ጥብስ በአራት ብር በልቼ ሥራ ጀመርኩ። ጋሽ ማዳልቾ ለበዓሉ ቅቤ ሊገዙ ወጥተው ነበር። የተቃጠለውን ሽቦ ቀየርኩ፣ ባትሪውን ገልብጬ ኔጋቲቩን ከብረቱ ጋር አሰርኩ፣ መስመሩ ላይ ፊውዝ አስገባሁ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የድሮ አቅጣጫውን ስለማይረሳ ከባትሪው ሽቦ ወስጄ ሁለቴ ብልጭ አደረግሁበት፤ በቃ፣ ተማረ። ሞተሩን አስነሳሁት፣ ባትሪው መሞላት ጀመረ፣ መብራቱም ቦግ አለ። ጋሽ ማዳልቾ ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ሳሙኝ። እትዬ ባሎቴ ግን ከበሩ ሆነው "ጨንቻ ላይ እናያለን" አሉ።

ዓርብ፣ ወደ ደጋው

ከመነሳታችን በፊት ጋሽ ማዳልቾ መብራቱን አብርተው ለሚስታቸው አሳዩ። እትዬ ባሎቴ "በስመ አብ" እያሉ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ የበዓል ሰው በሞላበት ፒክአፕ ጋቢና ሆኜ ተከተልኳቸው። ሙዙ ቀርቶ ቀርከሃው መጣ፤ ዶርዜን ስናልፍ ጉሙ መንገዱን ዋጠው።

ከአንዱ መታጠፊያ በኋላ ሞተሩ ዳር ቆሟል። መብራት የለም። እትዬ ባሎቴ ወርደው ነጠላቸውን እያጣፉ ነው። ከፒክአፑ ወረድኩ።

"አለቀ" አሉኝ። "ለሶዶው ሰው ንገርልኝ።"

ፒክአፑን ሸኝቼ ከባትሪው በላይ ያለውን ኮርቻ ከፈትኩ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ቀዩ ሽቦ ከብረቱ ጋር ታስሯል!

"ይህን ማን ነካው?"

ጋሽ ማዳልቾ ጉሙን ያያሉ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ጠዋት ሳየው ቀዩ ተነሥቷል። እንግሊዙ ሲሸጥልኝ ቀዩ ከብረቱ ጋር ነው ብሎኝ ነበር። ደክሞህ ተሳስተህ ነው ብዬ... ይህን ያህል አገር አቋርጦ የመጣን ሰው ተሳስተሃል ይሉታል?"

አምፖሉ እንደሁ የሽቦ አቅጣጫ አይመርጥም፤ ጠዋት የበራው ለዚያ ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ሞተሩ ሲነሳ፣ ዲናሞው ከተገለበጠው ባትሪ ጋር ሲጋጭ ነው። ሞተሩ ደግሞ ያለ ባትሪም ስለሚሄድ ጉም እስክንገባ ማንም አላወቀ።

እኔስ ከማን እሻላለሁ? ሠላሳ ዓመት የነዱትን ሰው ማስተማር ከብዶኝ በሌሉበት ሠርቼ ዝም አላልኩም? አፈርኩ። የባትሪ ባለሙያውንም፣ የራሴንም ጥፋት አንድ በአንድ ተናገርኩ።

እትዬ ባሎቴ ሦስታችንንም፣ እዚያ የሌለውን የባትሪውን ልጅ ጭምር፣ በዓይናቸው ሰበሰቡን። "ታዲያ ክንዴን የሰበረኝ ይሉኝታ ነው በለኛ!" አሉና ሳቅ አመለጣቸው። እኔም በሳቅ ፈረስኩ።

የአሁኑን ግን፣ ሽቦውን ስመልስና ፊውዝ ስቀይር፣ እያስረዳሁ ሠራሁ። ዲናሞውን ብልጭ ያደረጉት ራሳቸው ጋሽ ማዳልቾ ናቸው። ሞተሩ ተነሳ፣ መብራቱ ጉሙን ቀደደው። ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከሩቅ አይቶን ጡሩንባውን ነፍቶ ዳሩን ያዘልን።

እትዬ ባሎቴ እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፉን አምጣ።" የባትሪው ብሎን የሚጠብቅበትን ትንሿን ቁልፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። "ሞተሩ አይሸጥም። ባትሪውን ግን ከእንግዲህ እኔ ሳልጠየቅ ማንም አይነካም።" ከባላቸው ጀርባ ተቀምጠው ወገባቸውን ያዙ፤ እኔም በሚቀጥለው መኪና ተከተልኳቸው። ጨንቻ "ዮ ማስቃላ!" ብላ ተቀበለችን።

ሰኞ ማታ፣ ቤት

ሙዝ ተሸክሜ ገባሁ። ጸዳለ ተቀበለችኝ። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነው። እጄ እንደ ልማዱ ሄደ፤ መለስኩት።

"ጸዱ፣ ግን ለምንድነው እዚህ የምታደርጊው?"

ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።

"ጓዳ ሆኜ እንዲሰማኝ ነዋ። አንተ እስክትመጣ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው" አለች። ከዚያ ሙዙን እያስቀመጠች፣ ቀስ ብላ፣ "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ ጠይቀኸኝ አታውቅም።"