ርክክቡ ያልተፈረመበት ማዋለጃ

ይህ የሆነው ካቻምና ሐምሌ ላይ፣ ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። በግንባታ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ብዙ ሕንፃ አስረክቤያለሁ፤ የአብዛኞቹን መልክ እንኳን አላስታውስም። ያቺን ባለ ሦስት ክፍል ማዋለጃ ግን እስከ ዛሬ ልረሳት አልቻልኩም።

የምሠራው ሚዛን ተፈሪ ለሚኖር አንድ ተቋራጭ ነው። ጋሽ ደምሴ እንበላቸው። የጨረታ ሰነድ የማዘጋጀው፣ ሳይት የምውለው፣ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማዋለጃዋንም ከጨረታው ጀምሮ የያዝኳት እኔ ነበርኩ። ዋጋ ሞልቼ፣ ፖስታ አሽጌ፣ አሸንፈን ውሉን ይዤ ስመለስ በስድስት ወር እንጨርሳታለን ብዬ አምኜ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ፈጀች። ዝናቡ መንገዱን ሲያበላሸው ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን ያድራል። የጊዜ ማራዘሚያ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ይዘገያል፣ መልሱ የት ደረሰ የሚል ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ቡና ለቀማ ሲደርስ የቀን ሠራተኞቹ ሁሉ ወደ ቡናው ይሄዱና እኔና አንድ ግንበኛ እንቀራለን። በመጨረሻ በሩ ተገጥሞ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ መስታወቱ ተወልውሎ "ጨርሰናል፣ ተረከቡን" ብዬ ስጽፍ፣ ደስታ ሳይሆን እንቅልፍ ነበር የመጣብኝ።

ተረካቢ ግን ጠፋ። የርክክብ ኮሚቴው አራት ሰው ነው። አንዱ ሲገኝ ሌላው ሥልጠና ላይ ነው። ሁሉም ሲሟሉ መኪና የለም። መኪና ሲገኝ ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ ማሻ ከተማ ሌላ ሥራ ላይ ነው። እንዲህ እያለ አራት ወር አለፈ። ሠራተኞቻችን ወደ ቴፒ ሄዱ። እኔ ከአንድ ጥበቃ ጋር ቁልፍ ይዤ ባዶ ቤት ስጠብቅ ቀረሁ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር ምህረት ትባላለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። የምታዋልደው አሮጌው ቤት ውስጥ፣ በአንዲት አልጋ ነበር። ሦስት ጊዜ መጥታ "አንዷን ክፍል ብቻ ይክፈቱልኝ" ብላኛለች። ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አልኳት።

ጋሽ ደምሴ በስልክ አስጠንቅቀውኝ ነበር። "ያለ ፊርማ ቁልፍ ከእጅህ እንዳይወጣ! አንዴ ከገቡበት ማን መጥቶ ይረከበናል? በር ቢገነጠል፣ መስታወት ቢሰበር እኛው ነን የምንጠየቀው።"

ልክ ነበሩ። እኔም ይህንኑ ለሲስተር ነገርኳት። "እሺ" ብላ ተመለሰች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ስድስት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ግቢው ገቡ። ላስቲክ አልብሰዋታል። ፊት ለፊት የተሸከመው ባሏ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሲስተር ምህረት ወጥታ ሴትየዋን አየቻትና በሩጫ ወደ እኔ መጣች።

"ኢንጂነር፣ አልጋዬ ላይ ሌላ ወላድ አለች። ወደ ሚዛን እንዳልልካት አምቡላንሱን መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል። የዚህችኛዋ ልጅ ደግሞ እየመጣ ነው።"

ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ደምሴን ላስፈቅድ ነበር። ኔትወርክ የለም። እውነቱን ልናገርና፣ ኔትወርክ ቢኖር ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ባልየው አልለመነኝም። ቃሬዛውን እንደያዘ ፊቴን ብቻ ያያል።

ከፈትኩ።

ከአሮጌው ቤት ፍራሽ አምጥተው ወለሉ ላይ አነጠፉ። እኔ በረንዳው ላይ ከባልየው ጋር ቆምኩ። ትንሽ እንደቆየን ሲስተር ምህረት ከውስጥ ስትጣራ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ ሲል ሰማሁ።

"ኢንጂነር! ይኼ ውሃ አይሄድም!"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ገባሁ። ወለሉን ለማጠብ ቧንቧውን ከፍታለች። ውሃው ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ መሄድ ሲገባው ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ፍራሹ እየመጣ ነው። ሴራሚኩን እያየሁ ወዲያው ገባኝ። ወለሉ የተነጠፈው በቡና ለቀማው ሰሞን ነው። ሰው አልነበረኝም፤ ቸኩዬ ነበር። ተዳፋቱ ተገልብጧል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሁሉ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳን አፍስሼ አላየሁትም።

መጥረጊያ ያዝኩ። ጥበቃው ማዳበሪያ ከረጢት አምጥቶ በፍራሹ ዙሪያ ደረደረ። እኔ አጎንብሼ ውሃውን ወደ በር እገፋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና እገፋለሁ። ከኋላዬ ሴትየዋ ታምጣለች። ሲስተር "አይዞሽ፣ ግፊ፣ አይዞሽ" ትላታለች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። የሕፃን ልቅሶ ስሰማ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሴት ልጅ ነበረች። እናትየዋም ደህና ነበረች።

ሲስተር ምህረት እጇን ታጥባ በረንዳው ላይ መጣች። ጫማዋ ውሃ ጠጥቷል። ወቀሳ የለውም አነጋገሯ።

"ኢንጂነር፣ ይኼ ቤት እኮ አላለቀም" አለችኝ።



በሳምንቱ ኮሚቴው ተሟልቶ ከች አለ። ክፍል በክፍል ዞሩ። አምፖል አበሩ፣ በር ከፍተው ዘጉ፣ ቀለሙን በእጃቸው ዳሰሱ። ቧንቧ የከፈተ ግን የለም። አማካሪ መሐንዲሱ ቃለ ጉባኤውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክሪብቶ አወጣ። አራት ወር የጠበቅኩት ያንን ነው። ዝም ብል አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

"የማዋለጃው ወለል ውሃ ይመልሳል" አልኩ። "አፍርሼ ልሥራውና ከዚያ ፈርሙ።"

መሐንዲሱ ቀና ብሎ አየኝ። "በምን አወቅህ?"

"ሰው ወልዶበት።"

"ሳንረከብ ከፍታችሁ አስገባችሁ?" አለ አንዱ የኮሚቴ አባል።

ሁለቱንም ጻፉት። ጉድለቱንም፣ ያለ ፈቃድ መክፈቴንም። ሳይፈርሙ ሄዱ።

ለጋሽ ደምሴ ደውዬ ነገርኳቸው። "ያልተጠየቅከውን ምን አስለፈለፈህ?" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ከሥራ ውጪ አላነጋገሩኝም። ወለሉን ፈንቅለን፣ ሴራሚክ ከሚዛን አስመጥተን እንደገና አነጠፍን። ኮሚቴው ተመልሶ እስኪመጣ ሌላ ሁለት ወር ሄደ። ፈረሙ። ጉድለት ቢወጣ የምንጠየቅበት ዓመት ተጠብቆ የመጨረሻው ርክክብም አለፈ። ፋይሉ ተዘጋ።

አሁን ቴፒ ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ያው ደብዳቤ፣ ያው ጭቃ፣ ያው መጠበቅ ነው። ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች በሩን በመክፈቴ ያመሰግኑኛል። ምስጋናው አይዋጥልኝም። በአራተኛው ጊዜ የከፈትኩት ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ በፊት ሲስተር ምህረት "እሺ" ብላ በተመለሰችባቸው ቀናት እነማን አሮጌው ቤት ውስጥ እንደወለዱ አላውቅም፤ አልጠየቅኳትምም።

ከሁሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አራት ወር ሙሉ አልረከብ አሉኝ እያልኩ ሰውን ሁሉ ስረግም ኖሬአለሁ። ለካ ያልጨረስኩትን ቤት ቆልፌ ነበር የተቀመጥኩት።