በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኳት ቁልፍ

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌንም፣ ሰው ማማቴንም ተናዝዣለሁ። ይህችን ግን በየዓመቱ እዘላታለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ባያምር ታገሡኝ። ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ልጄ ትርንጎ ከዐረብ አገር ስትመለስ በላቧ የገዛችውን ኮምፒውተር ይዛ መጣች። በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ከተናጋሪው ሥር ስምና ማዕረግ የሚያወጣ ሶፍትዌር ተምራ ነበር። እዚሁ ደብረ ታቦር ቤታችን ስትሞክረው እኔን ካሜራ ፊት አስቀምጣ ስሜን ከደረቴ ሥር ጻፈች። ፊደሉ መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ፤ የአማርኛውን ፊደል ጭና አስተካከለችው። «እማ፣ በዚህኛው መስኮት ያለው ለኔ ብቻ ነው የሚታየው፤ ወደዚያኛው ካለፈ አገር አየው፣ መመለሻ የለውም» አለችኝ። ከኮምፒውተሩ ጎን የምትሰካ፣ ጣት የምታህል ነገርም አሳየችኝ። ቁልፍ ትላታለች። እሷ ከሌለች ሶፍትዌሩ ይከፈታል፤ ግን የሠሪው ድርጅት ስም በፈረንጅ ፊደል በምስሉ ላይ ይጋደማል። ይህን ሁሉ ጠይቄ ተረድቻለሁ። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ባሕር ዳር የተከፈተ አንድ ጣቢያ የደብረ ታቦርን በዓል ከከተማችን በቀጥታ ሊያስተላልፍ መጣ። ስሞቹን በራሷ ኮምፒውተር እንድታወጣ ለትርንጎ ሰጧት። ፈተናዋ ነበር፤ ከተሳካላት ባሕር ዳር ትቀጠራለች። እኔ ግን ዐረብ አገር ሳለች ስልኳ በተዘጋ ቁጥር ሞታለች እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደግሞ ልትሄድብኝ ነው አልኩ። ባሕር ዳር ምን ያህል ሩቅ ነው? ሐሙሲትን አለፍ ማለት አይደለም? በሚኒባስ ሄጄ አይቻት አልመለስም ነበር? ይህን ዛሬ ነው የምጠይቀው። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ቁልፏን ነቅዬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት። እኔ ነኝ። ማንም አልመከረኝም።

ቦርሳዋን ገለበጠች፤ አልጋ ሥር ገባች። እኔም አብሬያት ፈለግሁ። «እማ፣ ያንቺ ጸሎት ይሰማል፤ ለማርያም ተሳይልኝ» አለችኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ፣ ቋጠሮዬን በእጄ ጨብጬ፣ «ከተገኘች ጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። መስረቄ አንድ ነገር ነው። በቋጠሮዬ ያለውን እንድታስገኝልኝ እመቤቴን መለመኔን ግን ምን ልበለው?

ስርጭቱን ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት አየሁት። ስሞቹ በየተራ አምረው ወጡ። የፈረንጁ ፊደል ግን በካህናቱ ፊት ላይ ተጋድሞ ዋለ። እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ፤ «ይኸ በቄሱ ግንባር ላይ የተኛው ፈረንጅ ማነው? ልጅሽ ክርስትና ልታነሣው ነው?» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በልጄ ላይ ሳቅሁ።

ትርንጎ ዝናብ አበስብሷት ተመለሰች። አልቀጠሯትም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥያት ማደር ነበረብኝ» አለች። ያኔ መናገር አልነበረብኝም? እኔ ግን ደረቅ ልብስ አቀበልኳት።

አሁን እዚሁ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ ከኔ ጋር ትበላለች። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። አብረን ቴሌቪዥን ስናይ ግን ተናጋሪውን አታይም፤ ዓይኗ ከሥሩ ያለው ስም ላይ ነው።

ጥላውን አላስገባሁም። ያልጠፋውን ተገኘ ብዬ፣ በምን አፌ? እናት ስለሆንኩ ነው ብዬም አላመካኝም፤ እናቷ ባልሆን መች ታምነኝ ነበር?

ዛሬ ቁልፏን ከሣጥኔ አውጥቼ ኮምፒውተሯ አጠገብ አስቀምጫታለሁ። ትርንጎ ከሥራ ስትገባ ታያታለች። ከየት መጣች ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጠፍታ ተገኘች አልላትም።