ባልዲው አጠገብ የቆሙት ሽማግሌዎች

የእስር ክፍሉን ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። በሩ ሲከፈት የሽንት ባልዲው ሽታ ተቀበለኝ፤ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡትን አሥራ አንድ ሰዎች ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የታሪክ መምህር መሆኔን ሲሰሙ ከሰዓት ከሰዓት አስተምረን አሉኝ።

አንድ ቀን በመካከለኛው ዘመን ስለኖረች አንዲት ጀርመናዊት የመስፍን ልጅ ነገርኳቸው። አባቷ ከጎረቤቱ መስፍን ጋር ሲዋጋ ኖረ። በዘጠኝ ዓመቷ ለጠላቱ ልጅ አጫት፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ዳራት። ስምንተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። “በጋብቻውም ሰላም ወረደ” ብዬ ጨረስኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለስንት ተማሪ አስጽፌያታለሁ!

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ገበሬ “ልጅቷስ ምን አለች?” አሉኝ።

“አልተጻፈም።”

“አልጠየቋትማ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሳምንቱ የምርመራ ኃላፊው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ልጄ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ እናቷ ዘንድ ነው ያደገችው፤ የአሜሪካ ዜጋ ናት። የኃላፊው ልጅ ደግሞ አሜሪካ መግባት ፈልጓል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ በወጉ መሠረት “ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን፤ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም” አሉ። የት ሊቀመጡ ኖሯል? አጠገባቸው ያለው ባልዲው ብቻ ነው። ከባልዲው ይልቅ የተቀቡት ሽቶ ቀፈፈኝ።

ኃላፊው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ “እሷ ተስማምታለች፤ ነገ ትፈታለህ” አለና ስልኩን ሰጠኝ።

“አባዬ፣ ፔፐር ብቻ ነው፣ የወረቀት ጋብቻ” አለች ልጄ እያለቀሰች። “ሳይን አደርጋለሁ፣ በኋላ ዲቮርስ ነው። ብቻ አንተ ውጣልኝ።”

“አንቺ ትፈልጊዋለሽ?”

“አንተ ውጣልኝ ነው የምልህ” አለች። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እስከ ዛሬ ራሴን የምታዘበው በእሱ ነው።

ስልኩን ለኃላፊው መለስኩና ሽማግሌዎቹን “እንደቆማችሁ ሂዱ” አልኳቸው። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ታሰርኩ።

አሁን እኔም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የመረጠችው ሰው ሦስት ሽማግሌዎች ከጎረቤት ከተማ ከጌይተርስበርግ ላከ። ሶፋው ባዶ እያለ በሩ ሥር ቆመው ልጅዎን ይስጡን አሉኝ። ከኩሽና ጠራኋትና “እሷን ጠይቋት” አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ወደ ግድግዳው የዞረውን የዚያን ገበሬ ፊት እያሰብኩ ነበር።

ልጄ እጇን በፎጣ አደራርቃ አንድ በአንድ አየቻቸው።

“ቁጭ በሉ” አለቻቸው።