ድንጋይ በወርቅ ዋጋ አንገዛም

ታላቅ እህቴን እትዬን በኮሮናው ጊዜ እዚሁ ጆሃንስበርግ ቀበርናት። ብዙ ሰው መሰብሰብ ስለተከለከለ፣ ወርቅ ያስገዛቻቸው ሙሽሮች እንኳ አልቆሙላትም።

እኛ ዘንድ የምታገባ ልጅ ወርቅ የምትገዛው እትዬን ይዛ ነበር። እትዬ መሀል ከተማ ያለው ወርቅ ሠሪ ዘንድ አብራት ትሄድና ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። የካራቱን ማህተም በአጉሊ መነጽር አይታ፣ «አልማዙ ሳይገባ መዝነው፤ ድንጋይ በወርቅ ዋጋ አንገዛም» ትለዋለች። የአልማዙን የምርመራ ወረቀት ሳታይ ደግሞ አትነሳም።

እሷ ሆስፒታል ሳለች ወርቅ ሠሪው የአልማዙን ዋጋ ለብቻ ተቀብሎ፣ የልጅ ልጄን ቀለበት ደግሞ ከነአልማዙ መዝኖ ሁሉንም በወርቅ ሂሳብ አስከፈላት። ይህን የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። እንባዬን ጠርጌ፣ ቀለበቱን ይዤ ከምኖርበት ከኦሬንጅ ፋርም ታክሲ ያዝኩ። ሱቁ ስደርስ በእትዬ በርጩማ ላይ የማስክ ካርቶን ተደርድሮበታል።

«አልማዙን አውጥተህ መዝን» አልኩት።

«እማማ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ቢነቀል ይበላሻል እኮ።»

«እህቴ ሆስፒታል ስትተኛ፣ ሳትመዝን ለማስገባት ምን አስቸኮለህ ታዲያ?»

ውጭ ተራርቀው የተሰለፉት ገዢዎች እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያደረገውን ሁሉ ተናገርኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ሰልፉን ትተው ሄዱ። ይሄኔ አልማዙን ነቅሎ መዘነ፤ ቀለበቱ ቀለለ፤ ያለአግባብ የወሰደውንም መለሰ።

ልወጣ ስል «ነፍስ ይማር፤ እትዬ ጎበዝ ሴት ነበሩ» አለኝ።

እሷን ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ እኔን ይፍራ። አሜን አላልኩትም።