«ዓረፍተ ነገር ሥሪበት»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሁለት ዓመት በፊት ሞጣ ስሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉም ደግም አይቻለሁ፤ ይሄኛው ግን ባሰብኩት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ንዴት ቢሆን ኖሮ ይበርድልኝ ነበር። ይህ ግን ጸጉር ያለበት ወጥ እንደጎረሰ ሰው ነው የሚያደርገኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። በፋርማሲ ተመርቄ ሞጣ ባለ አንድ የጤና ተቋም ተመደብኩ። ሥራዬን እወደዋለሁ። የሚያሳፍረኝ እንግሊዝኛዬ ነበር። የመድኃኒቱን ስም ከነአወሳሰዱ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ተናገሪ ስባል ግን ምላሴ ይታሰራል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ያወጣው ክፍት የሥራ ቦታ ላይ ተወዳድሬ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። ኢንተርቪው ላይ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስሜንና የትውልድ ቦታዬን ተናግሬ ዝም አልኩ። እነሱ ጠበቁኝ። እኔም ጠበቅኋቸው። በመጨረሻ አመስግነው አሰናበቱኝ።

ጥምቀት እንዳለፈ የሥልጠና አስተባባሪያችን ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት መጣ። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ አስተባባሪው እለዋለሁ። ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው ትቶ ሞጣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጎልማሳ ነው። እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስሳል። ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም። ያኔ ሁላችንም አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ተሳስቼ አይደለም።

«ኢንተርቪው ወደቅሽ አሉ» አለኝ።

«አዎ ጋሼ። ቃል የለኝም እኮ።»

«ቃል እንደ ጥሪት ነው፤ በአንድ ጀንበር አይከማችም። በየቀኑ አንድ አንድ ቃል በቴሌግራም እልክልሻለሁ። አጥኚና ዓረፍተ ነገር ሥሪበት። እኔ አርምልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጥልሽ አያለሁ።»

እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም።

የመጀመሪያው ቃል «ዲሊጀንት» ነበር፤ ትጉህ ማለት ነው። በማግሥቱ «ሃምብል» አለ፤ ትሑት። ከዚያ «ግሬትፉል»፤ አመስጋኝ። ኔትወርክ ሲጠፋ የከረመው ቃል ኔትወርክ ሲመለስ ተግተልትሎ ይገባል። ለታካሚ ኪኒን እየቆጠርኩ ቃሉን በልቤ እደጋግመዋለሁ። የእንግሊዝኛ ዜና ስሰማ ያጠናሁት ቃል ብቅ ካለ፣ ገበያ መሀል ዘመዷን እንዳገኘች ሴት ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ትምህርት ነበር፤ እውቀቴ ጨምሯል። ከሁሉ የሚያስጠላኝም ይሄ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የቃሎቹ ጠባይ ተለወጠ። አንድ ጠዋት «ሎንግ» የሚል መጣ። እኔ የማውቀው ረጅም ማለት መሆኑን ነው። «መናፈቅም ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ። እናቴን እናፍቃለሁ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት።

«ጎበዝ። አሁን ደግሞ ለራሷ እንደምትነግሪያት አድርገሽ ጻፊው» አለ።

እናቴ ሆይ፣ እናፍቅሻለሁ አልኩ።

«‹እናቴ ሆይ› የሚለውን አውጪው፤ ዓረፍተ ነገሩን አክብዶታል።»

አወጣሁት። በእንግሊዝኛ አንተም አንቺም አንቱም አንድ ቃል ናቸው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ለማን እንደተጻፈ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቀጥሎ «ዲስክሪት» መጣ፤ ምስጢር ጠባቂ። የሥራዬ ጠባይ ነውና፣ አንድ ታካሚ በዓይነ ልቦናዬ ይዤ፣ ምስጢር ጠባቂ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልናገርም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ሰረንደር» አለኝ፤ እጅ መስጠት። ጾም ስለሆነ ጌታ ሆይ፣ ራሴን ለአንተ ሰጠሁ ብዬ እንደ ጸሎት ያለ ነገር ሠራሁበት። «‹ጌታ ሆይ›ን አውጪው» አለኝ። አወጣሁት።

ልቤ ግን አልወደደውም። መድኃኒት ቤት ሲመጣ «ጋሼ፣ እነዚህ ቃሎች ኢንተርቪው ላይ ይመጣሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

አውራ ጣቱን በምላሱ አረጠበና ስልኩን እየነካካ «እንግሊዝኛ ይሉኝታ የለውም። አንቺም ይሉኝታሽን ካልጣልሽ ቋንቋውን አታገኚውም» አለኝ። ቀና ብሎም ሳያይ ቀጠለ፤ «ድምፅ አወጣጥሽ ገና ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ነይ። አፍሽ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በቅርብ ማየት አለብኝ።»

ያቺ «በቅርብ» ያላት ቃል እንደ ትኋን አንገቴ ላይ ሄደች።

«አልመጣም ጋሼ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ቃልም አይላኩልኝ። ያሉኝ ይበቁኛል።»

ፈገግ አለ። «እንደ ፈቃድሽ» ብሎ ሄደ። በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ያኔ ቀለበት አስሬ ነበር። እጮኛዬ ይበልጣል ቢቸና የሒሳብ መምህር ነው፤ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነበር። በሳምንቱ ደወለልኝ። ሰላም ሳይለኝ «ማንን ነው የምትናፍቂው?» አለ።

ነገሩ አልገባኝም። ከማያውቀው ቁጥር ስክሪንሹት ተልኮለታል። ከላይ ስሜና ፎቶዬ አለ፤ ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር። እናፍቅሃለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አልናገርም። ራሴን ለአንተ ሰጠሁ።

ቴሌግራሙን ከፈትኩ። የአስተባባሪው መልእክት አንድም የለም። ቃሉም፣ እርማቱም፣ «አውጪው» ያለኝም የለም። ከእሱም ከእኔም ስልክ እንዲጠፋ አድርጎ ደምስሶታል። የቀረው የእኔ ብቻ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ስለፈልፍ። ለእናቴ የጻፍኩትና ለፈጣሪዬ የጻፍኩት በዚያ ሰውዬ ጭን ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ስክሪንሹቱ መሥሪያ ቤታችን ውስጥም ከስልክ ስልክ ዞሯል። ካርድ ክፍል ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ከኋላዬ አንዷ «እሳት ከሌለ ጭስ አይኖርም» ስትል ሰማኋት። እሱ ግን ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ እንደምን አደርሽ ይለኛል። መልሴን ቆሞ ይጠብቃል።

ፈቃድ ጠይቄ ቢቸና ወረድኩ። ይበልጣል እናቴ ቤት መጣ። ስልኬን ሰጠሁትና ከመጀመሪያ ጀምሮ አሳየሁት።

«ትጉህ ነኝ፣ ትሑት ነኝ፣ አመስጋኝ ነኝ» እያለ አነበበ። «ይሄ ራሷን ለወንድ የምታስተዋውቅ ሴት ነው የሚመስለው።»

«ቃሉን እሱ ነው የሰጠኝ!»

«ቃሉ የታለ?»

እናቴ ጣልቃ ገባች። «ልጄን ላም ባልዋለበት ኩበት አታስለቅማት» አለችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በእኔና በስልኩ መሀል ሆኖ የቱን እንደሚያምን ጠፍቶት ነበር። ቀለበቴን ማዟዟር ጀመርኩ። ላወልቀው ነበር።

እዚያው እንዳለን ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ጨክኜ ላውድ ላይ አደረግሁት፤ ከዚህ በኋላ ከማን ምን እደብቃለሁ?

«ስመኝ እባላለሁ» አለች፤ የሴት ድምፅ ነው። «አዋላጅ ነኝ፤ አሁን ግንደወይን ነው የምሠራው። ካንቺ በፊት ሞጣ እናንተ ጋ ነበርኩ። ያ ስክሪንሹት ለእኔም ደረሰኝ። ‹ዲሊጀንት› ብሎ ነው የጀመረልሽ፣ አይደል?»

ይበልጣል ቀና አለ።

«አዎ» አልኳት።

«ቀጥሎ ‹ሃምብል›።»

«‹ግሬትፉል›» አልኩ።

«‹ሎንግ› ሲልክልሽ ማንን ጻፍሽ?»

«እናቴን።»

«እኔ ሟች አባቴን ነበር የጻፍኩት» አለች። «‹አባቴ ሆይ›ን አውጪው አለኝ።»

ይበልጣል ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደና ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ተብሎ የታሰበ የመሰለኝ ቃል፣ ሌላዋ ሴት ያኘከችው ነበር። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለወጠም። ከሷ በፊትስ ማን ነበረች?

«ቤቴ ነይ አለሽ?» ስል ጠየቅኋት።

«ሄጃለሁ» አለች።

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናትም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አዬ ልጄን፣ አዬ ልጄን» አለች፤ አይታት ለማታውቃት ሴት።

በማግሥቱ ከይበልጣል ጋር ወደ ሞጣ ስንሄድ ስመኝ ግንደወይን ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ቀጭን፣ ጠይም ልጅ ናት። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች፤ ሞጣ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

ኃላፊያችን ቢሮ ገባን፤ አስተባባሪውም ተጠራ። «ማስረጃ አላችሁ?» አሉን ኃላፊው። የስመኝንም ስልክ እንደኔው አጽድቶታል። ይበልጣል «እንግዲያው ለየብቻ ይጠይቋቸው» አለ። እኔ ደጅ ወጥቼ ስመኝ ተናገረች፤ ከዚያ እሷ ወጥታ እኔ ተናገርኩ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቃል በቃል አንድ ነው።

አስተባባሪው ሳቀ። «ቮካቡለሪ ነው እኮ!» አለ። «ሁሉንም የማስተምረው በአንድ መንገድ ነው። ስክሪንሹቱን ማን እንደላከው እኔ ምን አውቃለሁ? ስልኬን ጠረጴዛ ላይ እተዋለሁ።»

«አባቴን ለምን አስወጣኸው?» አለች ስመኝ። አንተ ስትለው ኃላፊው ቀና አሉ። «መልስልኝ። አባቴን ከዓረፍተ ነገሩ ለምን አስወጣኸው?»

እሱ ወደ ኃላፊው ዞሮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ። ገባኝ፤ ሴቶቹ ስሜታዊ ሆነዋል ነው ያለው። ያን ቃልም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ኃላፊው የወሰኑት ሽምግልና ነው። «የተማረ ሰው ነው፣ ቤተሰብ አለው፣ ስሙ አይጥፋ» አሉ። ስማችን የጠፋው እኛ ነን፤ የሚታዘንለት ግን ለእሱ ስም ነው። አልታረቅም አልኩ፤ ስመኝም አልታረቅም አለች። ለበላይ አመለከትን። ብዙ ከተመላለስን በኋላ የመጣው ውሳኔ አስተባባሪው ወደ ሌላ ወረዳ እንዲዛወር ነው፤ ያውም «በራሱ ጥያቄ» ተብሎ።

የሚሄድ ዕለት መሸኛ ተዘጋጀለት። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ለስላሳ ተከፈተ። ኃላፊው አዲስ ጋቢ አለበሱት። «እሳት ከሌለ» ያለችው የካርድ ክፍሏ ሴትዮ እልል አለች። እሱ መሬት እስኪነካ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። እኔ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት አየሁ። ያ ነጭ ጋቢ ትከሻው ላይ ሲዘረጋ የተሰማኝን የሚገልጽ ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም አላገኘሁም። የሰውዬውን ነውር አንድ ሰው ሠራው። ያን ጭብጨባ ግን አብሬአቸው ምሳ የምበላ ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡት።

ለስመኝ ደወልኩላትና «በጋቢ ሸኙት» አልኳት።

«የሚሄድበት ቦታ አዋላጆች አሉ» አለችኝ። «መድኃኒት ቤትም አለ። ስልካቸውን ፈልጊ።»

ፈለግን። አብረውን የተማሩትን፣ የሥልጠና ጓደኞቻችንን ሁሉ ጠየቅን። ያገኘናቸውን ሴቶች እየደወልን እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ እያለ ቃል ቢልክላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው፣ ከዚያ ይሄ ነው አልናቸው። አንዳንዷ ቀናተኛ መስለናት ዘጋችብን። ከጊዜ በኋላ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ መልሳ ደወለች።

«ዛሬ ጠዋት ‹ሃምብል› ላከልኝ» አለች።

እሷ እሱ እስኪደመስስ አልጠበቀችም። ባልደረቦቿን ይዛ አዲሱ አለቃው ፊት ቆመች፤ ቀጥሎ የሚልካቸውን ቃሎች በተራ አስቀድማ ተናገረች። «ሎንግ» በተባለው ተራ መጣ። በዚያኛው ቦታ ጋቢ ያለበሰው የለም፤ ከሥራው ታግዶ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ሄዷል።

እኔና ይበልጣል ተጋብተን ቢቸና ነን፤ አሁን የምሠራው እዚሁ ነው። ለዚያ ሰሞን ጥርጣሬው ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ስመኝ ሠርጌ ላይ ሚዜዬ ነበረች። እንግሊዝኛም አልተውኩም፤ ቃል እፈልጋለሁ፣ ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ፣ ለማንም ግን አላሳይም። መናፈቅ የሚለውን ቃል ግን አንድ ቦታ ሳየው ዛሬም አፌ ይመርራል።

የንስሐ አባቴ አስተባባሪውን ይቅር እለው ዘንድ ደጋግመው መክረውኛል። አልቻልኩም። ባለፈው «እሺ፣ ይቅርታው ይቆይ፤ ቢያንስ ጸልዪለት» አሉኝ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «ከኔም ከስመኝም በፊት ለነበረችውና ማንም ላልደወለላት ሴት ጸልዬ ስጨርስ፣ ያኔ እሱን አስታውሱኝ።»