ትዝታ ያልገባችበት ክፍል

ሰፈራችን ደብረ ታቦር ዳር ያለ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ነው። መንገዱ በገመድ ተለክቶ ቀጥ ያለ ነው፤ ቤቱ ግን እንደየባለቤቱ አምሮት ነው። ሞገስ «ጣሊያን አገር ያየሁት ነው» ብሎ ባለቅስት በረንዳ ሠራ፤ ከባሕር ዳር አልፎ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ቤት ከቱርክ ፊልም የተቀዳ ነው፤ ምርጫው የሚስቴ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ክረምት ሲገባ ጣሊያኑም ቱርኩም እኩል ያፈሳል።

የምታውቀውን ቤት የቀዳችው ትዝታ ብቻ ናት። ደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ከገሳይ የመጣች ናት፤ ኩዌት አንድ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ተመለሰችና ያንኑ ቤት አነስ አድርጋ እዚህ ልታቆም ተነሣች። ለምን ብዬ ብጠይቃት ተቆጣችኝ።

«ዘጠኝ ዓመት የወለወልሁት ቤት እኮ ነው! ከእኔ የበለጠ ማን ያውቀዋል?»

ፎቶ የላትም። ለግንበኛው ለይርጋ ሁሉንም በቃሏ ነገረችው። ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ሰባተኛው ለባልዲ ማሳረፊያ ሰፋ ይላል። መስኮቱ ሃያ ስድስት ነው። ሳሎኑ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን አታውቅም፤ «ስምንት ጊዜ መወልወያ የሚያስጨምቅ» አለችው። ምስኪን ይርጋ መወልወያ ተውሶ የማኅበሩን ቢሮ ወለል እያጠበ ልኩን አወጣ። ባልዲውን የያዝሁለት እኔ ነኝ።

«የአንችስ መኝታ በየት በኩል ነበር?» አላት።

«እሱን ተወው። እሱ አይሠራም።»

ከደረጃው ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። አሠሪዋ ቆልፎት ስለሚወጣ ትዝታ አንድም ቀን አልረገጠችውም። የምታውቀው መስኮቱን ነው፤ በጓሮ በኩል ታጥበው ነበር። ብርሃን እንጂ ዓይን የማያሳልፍ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ደብዛዛ መስታወት ነው።

«ውስጡን ምን ላድርገው?» አላት ይርጋ።

«እኔ ምን አውቄ! ሥራውና ቆልፈው።»

ሠራው፣ ቆለፈው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለእናቷ ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ብቻቸውን ገሳይ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቤቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ነሐሴ ጭቃ አንሸራትቷቸው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ትዝታ ከእንግዲህ እናቴን ብቻዋን አልተዋትም ብላ ቆርጣለች። በመስቀል ማግስት አመጣቻቸው፤ እኛም ጎረቤቶቿና ይርጋ ተጠራን። ወይዘሮ ትርንጎ ቤቱን ሲዞሩ ልጃቸው ከኋላ ከኋላቸው የጫማቸውን ጭቃ ትወለውላለች። ልማድ ሆኖባት ነው።

ዞረው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ለመሄድ ተነሡ።

«ቤቱስ ያማረ ነው፣ ልጄ። ድንቼን የት አሳድረዋለሁ?»

የዘር ድንቻቸውን ነው። ገሳይ ውስጥ የእሳቸውን ዘር ያልተከለ ገበሬ የለም። የዘር ድንች ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ፀሐይ ያጠወልገዋል፣ ጨለማ ቀጭን ጉንቁል ያስወጣዋል። ትዝታ ሳሎኑን አሳየቻቸው። «ፀሐይ» አሉ። ዕቃ ቤቱን አሳየቻቸው። «ጨለማ» አሉ።

ያለ ድንቻቸው እንደማይመጡ ገባት። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ሃያ ስድስት መስኮት ሠርቼ ለድንች አልበቃሁም?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥሁት። አንጀቴን በላችው።

ይርጋ ጉሮሮውን ጠርጎ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። ለካ እስከዛሬ ይዞት ኖሯል! ከደረጃው ጀርባ ያለውን በር ከፈተው። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ለስላሳ ብርሃን ሞልቶበታል። ወይዘሮ ትርንጎ ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ መስኮቱን ቀና ብለው አዩ።

«ይኸ አይደል እንዴ! ለድንች ብላችሁ ሠርታችሁ ምነው ደበቃችሁኝ?»

ትዝታ ዕንባዋን ጠርጋ መጣች፤ የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። መወልወያው በእጇ ነው። የሚከለክላት ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

«ግቢ እንጅ፣ ልጄ! ምን ያስቆምሻል?» አሉ እናቷ። «መወልወያሽን ግን እዚያው ተይው። እዚህ ክፍል አይወለወልም፤ እርጥበት ድንቼን ያበሰብሰዋል።»

ትዝታ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች።